ቅጠል ቆጣሪዋ ጦጣ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲወርዱ፣ አላ ውሃን እንደተሻገሩ ጎብዬ ትገኛለች፤ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በስሟ የሚጠራላት ያቺው ጎብዬ። ከማሽላው ማሳ ዳር አንድ ዱር ነበር። በዱሩ ውስጥ ዋንዛ፣ ቁርቁራ፣ ወይራና ገርቢ የሚባለው ግራር ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ባሕር ዛፍም ነበር፤ አያቶቹ በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግረው የገቡ ናቸው። ከሁሉም ኋላ መጥቶ ከሁሉም በላይ ረዝሞ ነበር።

የእነዚህ ሁሉ ቅጠል ሲረግፍ ከታች ተቀባይ ነበረው። ሺህ እግር ይቆራርጠዋል። የምድር ትል ከአፈር ጋር ውጦ አድቅቆ ያወጣዋል። ምስጥ በበጋ ተሸክሞት ይገባል። ሻጋታ ደግሞ ክሩን ዘርግቶ፣ ከገርቢ ቅጠል ያገኘውን ምግብ ወደ ጠንካራው ቅጠል እያሻገረ ጠንካራውንም ይፈታዋል። የተፈታውን ሥር ይቀበላል፤ ሥርም ወደ ላይ ይልካል። ሠራተኞቹን ግን በስማቸው የጠራቸው አልነበረም። ሁሉንም በአንድ ላይ «አፈር በላ» ይሏቸዋል፤ ድግስ ሲደገስም ድርሻቸው ከደጅ ነበር።

አንድ ዓመት ዛፎቹ ሸንጎ ተቀመጡ። ከመካከላቸው ጨዋው ማን እንደሆነ በቅጠል ይለይ ተባለ፤ አፈር በላ ያልደፈረው ቅጠል የማን ነው? የገርቢ ቅጠል ክረምቱ ሳይወጣ ጠፋ። የዋንዛም ብዙ አልቆየ። የባሕር ዛፍ ዘይታም ቅጠል ግን እንደወደቀ ዓመት ሞላው። ባሕር ዛፍ ጨዋ ተባለ።

በገርቢ ላይ ሌላ ክስ ተጨመረ። ሁሉ በሚለመልምበት ክረምት እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ብዙው በሚራቆትበት በጋ እሱ ይለመልማል። ይህ ከማኅበር የወጣ ነው ተባለና ለመጥረቢያ ተሰጠ። እጀታውን ወይራ አዋጣ። ገርቢ ከሰል ሆኖ በአህያ ቆቦ ገበያ ወረደ። በዓመቱ ቁርቁራ በእሾሁ ተከሰሰ፤ እጀታ አሁንም ከወይራ። ቀጥሎ ዋንዛ ለሣንቃ ተፈለገ። በአራተኛው ዓመት ወይራ ራሱ ተጠራ፤ እጀታ ግን አልቸገረም፣ የአምናው ነበረ።

ዱሩ ባሕር ዛፍ ብቻ ሲሆን የምድር ትል ከጉድጓዱ ብቅ አለ።

«ጌቶቼ፣ ቅጠላችሁ ብቻውን ወጥ እንደሌለው የከረመ እንጀራ ሆነብን። የገርቢ ቅጠል ቢኖር እያጠቀስን እንጨርሰው ነበር» አለ።

«ደግሞ አፈር በላ ወጥ አማረው!» ብለው ሳቁ።

ትል ወደ ጥልቁ ወረደ። ሺህ እግር ልጆቹን ይዞ ማሽላና ማሾ ተቀላቅሎ ወደተዘራበት የጎረቤት ማሳ ተሰደደ። ሻጋታ ክሩን ሰብስቦ ተኛ። ምስጥ ብቻ ቀረ፤ እሱም የረገፈውን ትቶ የችግኞቹን ሥር ጀመረ። ዛፎቹም፣ ጥሎን ያልሄደ ታማኝ እሱ ነው ብለው የችግኝ ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ሹመቱን የሰማ እንጂ የሳቀ አልነበረም።

ቅጠሉ ተከመረ። በመጀመሪያው ዓመት የቆቅ እግር ሸፈነ፤ በሁለተኛው ቆቋ ራሷ አልታይ አለች። «ከአያቶቻችን ይህን ያህል ሀብት ያከማቸ የለም» አሉና ጦጣን ቆጣሪ አደረጓት። ጦጣ ቆጥራ ቆጥራ ልትጨርስ ስትል ነፋስ ይነሣል፤ እንደ አዲስ ከአንድ ትጀምራለች። ደመወዟ ግን አንድ ወር አልተጓደለም።

ሥሮች መልእክት ላኩ፦ «ከላይ ጎተራው ሞልቷል፣ ከታች ሌማቱ ባዶ ነው።» መልሱ፦ «የጎተራው ቁጥር ሳይታወቅ ስለ ሌማት አይወራም» የሚል ነበር። ከደጋው የወረደው ጎርፍም በዘይታሙ ክምር ላይ ተንሸራቶ አለፈ፤ አፈሩ ጥርኝ ውሃ አልደረሰውም።

ረሃቡ ሽቅብ ወጥቶ ጫፋቸው ቢጫ ሲሆን፣ ክምሩን መያዣ አድርገው በብድር ማዳበሪያ አስመጡ። «በከረጢቱ ያለው እኮ በቅጠሉም አለ» ያለች አንዲት ሥር ዝም በይ ተባለች። ማዳበሪያውን ከክምሩ ላይ ነሰነሱት። ተከታዩ ጎርፍ ጠርጎ ከራያ ሜዳ ወዲያ ወሰደው፤ ዕዳው ቀረ።

በመጨረሻ ትል ይጠራ ተባለ። መልእክተኛው በብዙ ቁፋሮ አገኘው። ትልም፣ «እመጣለሁ፤ ብቻ ከገርቢ ዘር አንዲት ፍሬ ትከሉልኝ» አለ። ፍሬዋ ፍየል ከጣለችው በጠጥ ውስጥ ተገኘች። ለመትከል ግን ቅጠሉ መገለጥ አለበት፤ ቅጠሉ ደግሞ መያዣ ነውና አይነካም። ከዚያም፣ ትል ሲመጣ ከደጅ ይቀመጥ ወይስ ከመሐል በሚለው ሸንጎው ለሁለት ተከፈለ። ቀኑ መሸ። ነገሩ ሁሉ የቅጠሉ ቆጠራ እስኪያልቅ ይደር ተባለ።

ጦጣ ያን ዕለት ጠዋት ከአንድ ጀምራ ነበር።