ለክቡር ቁጥር አርባ፣ ባሉበት

ከሬሖቮት፣ ኪርያት ሞሼ ሰፈር

ለክቡር ቁጥር 40
የመማሪያ ክፍሎች የበላይ ጠባቂ

ጉዳዩ፦ የጠፋ ረዳት መምህር ስለማፈላለግ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስትሩ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ተውኩት። ሚኒስትር ይሾማል፣ ይሻራል። እርስዎ ግን ከ1969 ጀምሮ (ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጅ ነው) የእስራኤል ክፍሎች በእርስዎ ቃል ይከፈላሉ። 40 ልጅ ከተመዘገበ አንድ ክፍል፤ 41 ከተመዘገበ 20 እና 21 ልጆች የያዙ ሁለት ክፍሎች። ሴፕቴምበር 1 ሲቃረብ የሰፈራችን እናት የምትመኘው ሎቶ አይደለም፤ አርባ አንደኛውን ልጅ ነው። አዲስ ጎረቤት ዕቃ ሲያወርድ ካየች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ከማለቷ በፊት ልጃቸው ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ትጠይቃለች።

እርግጥ እኛና እርስዎ የቆየ ትውውቅ አለን። ጎንደር ገጠር ሳለን ወንድ የወለደች እናት አርባ ቀን በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። የጨነቀው ሰውም “የአርባ ቀን ዕድሌ ነው” ይላል። (ሴት ለወለደች ሰማንያ ቀን ነበር፤ አደራዎን ይህን ሚኒስቴሩ እንዳይሰማ።) መጨናነቅም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1991፣ ወደ እስራኤል ባመጣን ዘመቻ ሰሎሞን፣ ወንበሩ በተነቀለ አንድ ቦይንግ 747 ከአዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ሰው ተጭኗል። ያም ቢሆን በረራው በሰዓታት አለቀ። ትምህርት ቤት 12 ዓመት ነው።

በ2015 ወላጆች ልጆቻችን እንደ ሰርዲን ታሸጉ ብለው ሲጮኹ፣ 34 የሚባል ጎልማሳ ተቀናቃኝ ተነሥቶብዎት እንደነበር አልረሳሁም። እኔ ግን ከወንበርዎ ጋር ጠብ የለኝም። ጥያቄዬ ከዘር ሐረግዎ ጋር ነው።

የዘር ሐረግዎ የሚቆጠረው ከራምባም፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ ሊቅ ነው፤ እሱም ከታልሙድ ወርሶ ነው። የራምባም ሥርዓት ግን ሦስት እርከን ነበረው። እስከ 25 ልጅ አንድ መምህር ይበቃል። ከ25 በላይ እስከ 40 ሲሆን ለመምህሩ ረዳት ይቆምለታል። ከ40 ሲያልፍ ሁለት መምህራን ያስፈልጋሉ። ክቡርነትዎ ውርሱን ሲከፋፈሉ ጣሪያውን ወስደው ምሰሶውን የት ጣሉት? ረዳቱ የት ገባ?

ሊቃውንቱም ቢሆኑ የመረመሩት እርስዎን ነው እንጂ እሱን አይደለም። በ1999 ጆሹዋ አንግሪስትና ቪክቶር ላቪ የእርስዎን ሥርዓት ተከትለው ክፍል ሲያንስ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ውጤት እንደሚሻል ጻፉ። በ2019 ከባልደረቦቻቸው ጋር አዳዲስ መረጃ ይዘው ሲመለሱ ግን ያንን ጥቅም አላገኙትም። እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ እንደ አያት ሳነበው ግን ቁጥር ብቻውን አያስተምርም የሚል ነው የመሰለኝ። የሚያስተምረው ሰው ነው።

ያን ሰው ፍለጋ ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ፣ እናቷ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች፣ አስተርጓሚ ሆና ከጎኔ ተቀመጠች። የትምህርት ቤቱ አማካሪ በር ላይ የምትገኝባቸው ቀናት ተለጥፈዋል፤ የዕለቱ ቀን የለበትም። መምህሯ የደከማት፣ ደግ ሴት ናት። ረጅም ተናገረች፦ ልጅቷ የሒሳብ የቤት ሥራ አታስረክብም፤ ማንበብ ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል፤ “እኔ ግን አንድ ነኝ፣ እነሱ ሠላሳ ስድስት ናቸው” አለች።

“ምን አለች?” አልኳት አስተርጓሚዬን።

“ጎበዝ ናት አለች፣ አባባ።”

“ይህን ሁሉ ተናግራ?”

ትንሽ አሰበችና፣ “እኔ አንድ ነኝም ብላለች” አለችኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ ኖሬ ያን ያህል ዕብራይስጥ አላጣሁም፤ ግን ዝም አልኩ። የጠፋው ረዳት መምህር ያን ጊዜ ተገኘ። ዕድሜዋ አሥር ነው። ደመወዝ የላትም። ወላጅና ትምህርት ቤትን ታገናኛለች፣ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ቤት ወረቀት ለእናቷ ታነባለች፤ የራሷን ጥፋት ደግሞ ራሷ ተርጉማ ራሷ ይቅር ትላለች። የቤት ሥራዋን የሚያግዛት ረዳት ግን የላትም።

በዚህችው በሬሖቮት የቫይዝማን ተቋም በ1950ዎቹ ቫይዛክ የሚባል ኮምፒውተር ሠርቷል፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከተማችን መቁጠር አይከብዳትም ማለት ነው። ስለዚህ የምለምንዎ ትልቅ ስሌት አይደለም። አርባ ላይ ከመድረስዎ በፊት ሃያ ስድስት ላይ ትንሽ ይቁሙልን። እዚያ ላይ ለመምህሯ ረዳት ይቀጠርላት፤ እንደ ኪርያት ሞሼ ባለ ሰፈርም ለአያት አማርኛ የሚመልስ ሰው ይኑር። የልጅ ልጄ ሥራዋን በደስታ ታስረክባለች፤ የሒሳቡንም ጭምር።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ አያት

ግልባጭ፦
– ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ኢየሩሳሌም
– ለ26ኛው ልጅ፦ ልጄ፣ ታገሥ። ረዳትህ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንገድ ላይ ነው።