ውሻን በአያት ስለ ማናፈስ

ውሻ ማናፈስ ማለት፣ በሙያው ሰዎች አተያይ፣ ገመዱ ሳይወጠር ውሻና ሰው ጎን ለጎን የሚሄዱበት፣ አንዱ ሌላውን የማይጎትትበት ጉዞ ሲሆን፣ በአዲስ አበባው የአያት ሠፈር ቪላዎችና ኮንዶሚኒየሞች መካከል ማለዳ ማለዳ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሻው በፈቃዱ፣ ሰውየው በግዱ የሚሮጡበት ሌላ ዓይነት ስፖርት ነው። የግቢ ውሻ ቀን በሰንሰለት ታስሮ ሌሊት እየተለቀቀ ስለሚያድግ፣ ዓለምን የሚያውቃት በበሩ ሥር ባለችው ክፍተት በሚያልፉ እግሮች ብቻ ነውና፣ በሩ ተከፍቶ እግሮቹ ከነባለቤቶቻቸው ሲገለጡለት በእርጋታ እንዲራመድ መጠበቅ ከውሻው ይልቅ የጠባቂውን ጤንነት ያጠራጥራል።

በበዓል ዋዜማ አልሄድ ያለ በግ በቀንዱ እየጎተተ የሚያልፍን ሰው «ስንት ገዛኸው?» ከማለት በቀር ማንም አይመራመርበትም፤ ውሻ ይዞ የሚያልፈው ግን «ይናከሳል?» ተብሎ ይጠየቃል፣ «አይናከስም» ብሎ ሲመልስም የማይናከስ ውሻ ለምን እንደሚቀለብ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ስለ ውሻ ትምህርት ሲነሳ ስሙ የማይቀረው ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ነው፤ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ አፈጫጨት ጥናቱ ቢሆንም፣ ይበልጥ የታወቀው ምግብ ከመቅረቡ በፊት የሚሰማ ድምፅ ብቻውን የውሻን ለሐጭ እንደሚያዝረበርብ በማሳየቱ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው በልምድ የመጣ ምላሽ «ሁኔታዊ ምላሽ» ይባላል። ለዚህ ማስረጃ ሩሲያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ በአያት መንገድ አንድ ሰው የጫማውን ክር ሊያስር እንኳ ጎንበስ ቢል፣ የሠፈሩ ውሾች ከመጎንበስ ቀጥሎ ድንጋይ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ጭራቸውን ቆልፈው ይፈተለካሉ። (ነዋሪውም በከንቱ አይጎነበስም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላልና፣ ማስከተብ ከማሠልጠን ይቀድማል።) ስለዚህ ከጎዳና ተነሥቶ ገመድ የታሰረለትን ውሻ ጎንበስ ብሎ መሸለም ማባረር ስለሚሆን፣ የአያት አሠልጣኝ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ጉርሻውን ከወገቡ ወደ መሬት መጣል ይኖርበታል።

ዋናው ብልኃት ግን ጉርሻው አይደለም። ውሻ የሚጎትተው መጎተቱ ወደ ፈለገበት ስለሚያደርሰው ነው፤ አንድን ድርጊት እንዲደጋገም የሚያደርግ ጥቅም «ማጠናከሪያ» ይባላልና፣ እዚህ ላይ ማጠናከሪያው ራሱ መሄዱ ነው፤ በመሆኑም ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ሰውየው ይቆማል፣ ሲላላም ይቀጥላል። ይህ ሕግ በታማኝነት ሲፈጸም ከበር እስከ ጥግ ያለው ሱቅ ድረስ ያለው መንገድ የቡና ሥነ ሥርዓት ያህል ጊዜ ስለሚወስድ፣ በየአምስት እርምጃው እንደ ግንድ የሚገተረውን ሰው ጎረቤቶቹ የጠፋው ነገር እንዳለ እየጠየቁ ይረዱታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። ውሻው የሚያስደነብረውን ነገር እያየ ገና መስማትና መብላት የሚችልበት ርቀት አለ፤ ከዚያ ከቀረበ ትምህርት ያበቃል። ስለዚህ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ምሥራቃዊ መጨረሻ የሆነው የአያት ጣቢያ፣ ተሳፋሪው በአንዴ ሲራገፍ፣ ለጀማሪ ውሻ የተከለከለ ክልል ነው። ጸጥ ያለው የኮረብታው ሥር ይሻላል እንዳይባል፣ ሌሊት ጅብ የወረደበት ቁጥቋጦ ዘንድ ሲደርስ ውሻው ጠጉሩን አቁሞ ይተከላል፤ የፈረንጅ የሥልጠና መጻሕፍት ደግሞ ስለ ጅብ ያሰቡበት አይመስሉም። እዚህ ላይ የውሻውን አስተያየት ተቀብሎ መመለስ ይመከራል።

ለሽልማት ከሉካንዳ የሚገኝ ሳንባ ተቀቅሎ በጥቃቅኑ ቢከተፍ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ብዙ ሉካንዳዎች ስለሚዘጉ ደመወዙ ወደ ድንች ይለወጣል፤ ውሻውም ጿሚ ስላልሆነ ሥራውን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ የሚያነብበው የቤቱ ባለቤት ሲሆን፣ ገመዱን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚይዘው ግን ዘበኛው ነው። ዘበኛው ንድፈ ሐሳቡን ሳይሰማ፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ ስለሌለው ብቻ፣ ውሻው ሲጎትት ይቆማል፤ እሑድ ባለቤቱ አዲስ ቱታ ለብሶ ሲወጣ ውሻው እስከ ዋናው አስፋልት እየጎተተ ይወስደዋል፤ ሲመለሱም ገመዱን በሩ ላይ የሚቀበለው ዘበኛ «ጋሼ፣ ዛሬ ቶሎ ደረሳችሁ» ይላል።