የእመት ጣዝማ አቤቱታ

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ሽቅብ ሲወጣ፣ ርብና ጉማራ ከሚነሡበት ደጋ ላይ፣ አያ ገብስና አያ ድንች ኩታ ገጠም ማሳ ነበራቸው። በሁለቱ መካከል ጥማድ በሬ የሚያሳልፍ የድንበር ሣር አለ። ማንም አይዘራበትም፣ ማንም አያርመውም። መስከረም ሲጠባ አደይ ይቀድማል፤ መጭ ይከተላል፤ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ኮሸሽላ ብቻውን እሾሁን አቁሞ ይገኛል። ከሣሩ ሥር ባለ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ እመት ጣዝማ ከነቤተሰቧ ትኖራለች። መናደፊያ የላትም። ማሯ ቀጠን፣ ጎምዘዝ ይላል፤ ሳል የያዘው ሰው በውድ ይገዛዋል። የሚፈልገው ሰው ግን ቤቷን ከነመሠረቱ ቆፍሮ ስለሚወስደው፣ እመት ጣዝማ ስለ ራሷ ብዙ መናገር አትወድም።

አያ ገብስ በየእርሻው አንዳንድ ትልም ድንበሩን ገፋ። አያ ድንች ይህን አየና ከወዲያ በኩል እሱም አንዳንድ ትልም ገፋ። ሁለቱም ሌባ አልነበሩም፤ ትልም ምን አላት? ማሳ ውስጥ የገባችውን መጭ ደግሞ በጀርባ የሚታዘል መርጫ መጣና በፀረ አረም አነደዳት።

እመት ጣዝማ አቤት አለች። ጉባኤው የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ በሽማግሌው በአባ ጽድ ጥላ ሥር ነው። በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያሉ ደኖች ብዙ ናቸው፤ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ብዙ የደከመባቸው፣ አንዳንዶቹም ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ ካብ የታጠሩ። ከእነሱ ውጭ የአገሬው ዛፍ ጉባኤ የሚቀመጥበት ጥላ እምብዛም አልተረፈም።

“አባቴ፣ የአንድ ወር ድግስ አያኖረኝም” አለች ጣዝማ። “አንዱ አበባ ሲረግፍ ሌላው ካልፈካ፣ በመካከሉ ልጆቼ ያልቃሉ። ያን ሁሉ በተራ በተራ የሚያበላኝ ድንበሩ ነበር።”

አያ ገብስ ጢሙን ነቀነቀ። “እኔ ከዛላዬ ሳልወጣ ራሴን በራሴ አዳቅዬ አፈራለሁ። ንብ ምኔ ናት?”

“እኔም” አለ አያ ድንች። “ሺምፐር የሚሉት ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1858 ወደዚህ አገር ካመጣኝ ጀምሮ ከራሴ ዓይን ነው የማቆጠቁጠው። አበባዬን ማንም ባያየው አላዝንም።”

ባቄላ እጁን አንሥቶ ነበር። ሰብሳቢው አላየውም።

በዚህ መካከል ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታ በየዓመቱ ወደ ደጋው የምትመጣ ወፍ ቃል ጠየቀች። “እንግሊዝ አገር ባምብልቢ የሚሏት ጸጉራምና ወፍራም የጣዝማ ዘመድ አለች። ብዙዎቹ ወገኖቿ መሬት ውስጥ ይኖራሉ። የአበባው ሜዳ ታርሶ አለቀ። ከወገኖቿ አንዷ እ.ኤ.አ. በ1988 ለመጨረሻ ጊዜ ታየች፤ በ2000 ከአገሩ ጠፋች ተባለ።”

“እዚህ አገር ባምብልቢ የለችም” አለ አያ ገብስ። “የሌለች እንዴት ትጠፋለች?” ጉባኤው አጨበጨበለት። ወፊቱም ነገሩ እውነት ስለሆነ ዝም አለች፤ ባምብልቢ በእርግጥ እዚህ የለችም።

ያኔ ባሕር ዛፍ ተነሣ። በምኒልክ ዘመን መጤ ነበር፤ አሁን ግን ከእሱ የሚረዝም ስለሌለ ሲናገር ሁሉም አንጋጦ ነው የሚሰማው። “ስለ ጥቃቅን አበባ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን? እኔም አበባ አለኝ፤ ማሩም ሸጋ ነው። ድንበሩን ለእኔ ስጡኝ፤ ንቦችን ሁሉ ከአንድ ገበታ አበላለሁ።” የቀፎዎቹ ንቦች ተማከሩና ተስማሙ። እንደ እውነቱ ከሆነ አልዋሸም፤ ባሕር ዛፍ ሲያብብ ንብ ጠግቦ ያድራል። ያልነገራቸው አንድ ነገር ቢኖር ዕድሜውን የሚወስንለት መጥረቢያ መሆኑን ነው። ድንበሩ ላይ ተተከለ፤ በቂ አበባ ከመያዙ በፊት ግን አጠና ለመሆን ደረሰ፤ ተቆረጠና በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ከግንዱ ሥር ሣር እንኳ አልበቀለም። ገበታውን ሲጠብቁ የነበሩት ንቦች አንድ ማለዳ ቀፏቸውን ጥለው ኮበለሉ።

የባቄላን አበባ ቀርቦ ያየ ሰው ያውቃል። ነጭ ናት፤ ከጎንና ከጎኗ ጥቁር ነጥብ አለባት። ንብ ስታርፍባት ታችኛው ቅጠሏ በክብደቱ ዝቅ ይላል፤ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ዱቄት ብቅ ይልና የንቢቱን ሆድ ይቀባታል። ያን ዓመት የሚያርፍባት አልመጣም። ጥቂቱ ፍሬ ያዘ፤ ብዙው ረገፈ። ባለ ማሳው ምርቱን አይቶ “ባቄላ ከርሞ አልዘራም” አለ።

አያ ገብስ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሳቁ ሁለት ክረምት ቆየ። ባቄላ ከሥሩ መሬቱን እያዳበረ የሚተውለት ለማን እንደነበር ያወቀው፣ ዛላው ቀጭኖ አገዳው ሲያጥር ነው። ድንበሩም ስለሌለ የሐምሌ ጎርፍ የማሳውን አፈር ጠርጎ በጉማራ አድርጎ ወደ ጣና ወሰደው። አያ ድንች ሥሩ በአየር ላይ ቀረ።

ጉባኤው እንደገና ተጠራ። አሁን ማንም አልሳቀም። አባ ጽድ “ድንበሩ ይመለስ” ብለው ፈረዱ፤ ሁሉም “ይመለስ!” አለ። ነገር የመጣው ከማን ትልም ይጀመር ሲባል ነው። ገብስ “የገፋው ድንች ነው” አለ። ድንች “እኔ እሱን አይቼ ነው” አለ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቆጠ ጎረምሳ ልኮ፣ በስፍራው ሥር የሰደደ ይዞታ እንዳለው አስመዘገበ። ሲከራከሩ መሸ።

በመጨረሻ ጉዳዩን አጥንቶ የሚያቀርብ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ አያ ገብስ፣ ምክትል አያ ድንች፣ አባል ባሕር ዛፍ። ባቄላ ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ተመረጠ። እመት ጣዝማ በታዛቢነት እንድትገኝ ተፈቀደላት፤ ድምፅ ግን የላትም።