ስለ አንዲት የካርቶን ቆብ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበረው የጭነት ደረጃ ማረሚያ ክፍል፣ ቨርጂኒያ፤

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከላካችሁልኝ ተጨማሪ ሂሳብ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያስጫንኩት ለቤት ግድግዳ ብርድ መከላከያ የሚሆን፣ ከፖርቱጋል የመጣ የተጨመቀ ቡሽ ነበር። ቡሹ የሚገኝበት ዛፍ ቅርፊት አንዴ ከተላጠ ዳግም እስኪላጥ ቢያንስ 9 ዓመት ይጠበቃል። እናንተ ግን እኔን ለመላጥ ይህን ያህል አልታገሳችሁም።

ፓሌቱ ርዝመቱ 48፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ኢንች፤ ክብደቱ 380 ፓውንድ ነው። እፍግታው ለአንድ ኪዩቢክ ጫማ 6.8 ፓውንድ ይደርሳል። ከ50 እስከ 500 ካሉት 18 የጭነት ደረጃዎች፣ የእፍግታ ሰንጠረዡ ለዚህ የሚሰጠው 125 ነው። እኔም በጭነት ሰነዱ ላይ ይህንኑ ሞላሁ።

ከዚያ የእናንተው ሠራተኛ፣ በእናንተው መጋዘን፣ ዓይኔ እያየ፣ «ሌላ ዕቃ አይጫንበት» የሚል ጽሑፍ ያለባትን የካርቶን ቆብ አናቱ ላይ ለጠፈ። ቁመቷ 10 ኢንች ነው። መርማሪያችሁ ደግሞ ከመሬት እስከ ቆቧ ጫፍ ለካ፤ ፎቶውንም በኩራት አያይዞ ላከልኝ። 60 ኢንች! እፍግታው ወደ 5.7 ወረደ፣ ደረጃው 175 ገባ፣ ሂሳቡም አብሮ ጨመረ፣ የምርመራ ክፍያም ታከለበት። በቆቧ ዙሪያ ላለው አየር ኪራይ ክፈል ተባልኩ።

አቤት ልል ወደ ቢሯችሁ መስኮት መጣሁ። የመስኮቷ ጸሐፊ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየቆረጠች፣ «ጌታዬ፣ እፍግታ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ። ከኋላዬ የአገሬ ልጆች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቆመዋል። ካልኩሌተር በመስኮቱ አሾልካ «ያስሉት» አለች። በሽበቴ ቆሜ አባዛሁ፣ አካፈልኩ። ትክክል መሆኑን አመነች፤ ነገር ግን ካልኩሌተሩ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ ውጤቱ የእኔ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል በትሕትና አስረዳችኝ። ቆቧስ የማን ንብረት ነበረች?

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ንቃችሁኛል! የአባት እኩያ ሰው በሕዝብ ፊት ሒሳብ ማስፈተን ነውር ነው፤ አልፎም ሲገኝ መቅጣት ዝርፊያ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ አክብሮቴ ልመለስ። የዛሬ ጥያቄዬ አጭር ነው። ቆቧን አንሱና ቡሹን ለኩ፤ ልዩነቱንና የምርመራውን ክፍያ መልሱ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ዕቃ ስታስረክቡ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ። ቆብ ሊደፉበት ከመጡም እዚያው ከልክሉ።