ለተመራጮቻችን ሬንጀር ይሰፋላቸው

አሜሪካኖች ያመለጣቸውን ዕድል ሳስብ አዝንላቸዋለሁ። ጆርጅ ዋሽንግተን የእንግሊዝን ጦር ካሸነፈ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1783 መገባደጃ አናፖሊስ ላይ የጦር አዛዥነቱን ለኮንግረሱ አስረክቦ ወደ እርሻው ገባ። በ1789 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲምል የለበሰው እዚያው አገሩ የተሠራ ቡናማ ሱፍ ነበር። ጄኔራል የሚያህል ሰው! ያን ቀን ማዕረጉን ትከሻው ላይ ደርድሮ ቢመጣ ኖሮ ልማዱ ከዚያው ይጀምር ነበር። ሊንከን ያንን ረጅም ባርኔጣ ጥሎ የኮሎኔል ቆብ ይደፋል፤ ሬገንም ልብሱን ሆሊዉድ ከሚያውቀው ሰፊ ያሰፋል። አይዘንሃወርማ የባሰ ነው፤ አምስት ኮከብ እያለው በ1952 ከጦሩ ተሰናብቶ፣ ክራቫት አስሮ ድምፅ ሲለምን ከረመ። ትንሹ ቡሽ በ2003 ነቃ ብሎ የአብራሪ ልብስ ለብሶ የጦር መርከብ ላይ ወርዶ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ንግግሩን ሊያሰማ ሲል በሱፍ ቀየረው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስንፍና የለም። ንጉሠ ነገሥቱ የማርሻል ልብስ ነበራቸው፤ ግን ማንም ስላልመረጣቸው እዚህ አይቆጠሩም። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሳይመረጡ በወታደር ልብስ ዐሥር ዓመት ገዙ። በእኛ አቆጣጠር በ1980 መባቻ ሸንጎው ፕሬዚዳንት ብሎ ሲመርጣቸው ሱፍና ክራቫት አዘወተሩ፤ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1983፣ አገር ጥለው ሄዱ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ክራቫት አደገኛ ልብስ ነው።

ይህንን ያስተዋሉት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ናቸው። የሰኔ 2013ቱ ምርጫ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በኅዳር 2014 ከአፋር ግንባር የወታደር ልብስ ለብሰው በቴሌቪዥን ታዩ። ጦርነት ነበር፣ ጥንትም ሌተና ኮሎኔል ነበሩ፤ ይሁን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 74 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርጋቸዋል። አንቀጽ 87 ግን የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን ብሎ ስለ ልብሱ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ አርቃቂዎቹ መካከል ልብስ ሰፊ አልነበረም ማለት ነው። ክፍተቱን የሞሉት ግንባርን በካርታ የሚያውቁት ናቸው። ከክልል እስከ ወረዳ፣ ሬንጀር ለብሶ አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውኃ ፊት ለፊት መቀመጥ ብርቅ አልሆነም። በዚያው ኅዳር መዘዞና ሞላሌ ላይ በዚያ ልብስ የወደቀው ልጅ ግን የታሸገ ውኃ አልቀረበለትም።

የሚያሳፍረው የመንዞች ኋላ ቀርነት ነው። ጓሳ የሚባለው የሣር መሬታቸው ለመቶዎች ዓመታት ሲጠበቅ የኖረው በተመረጠ ሰው ነው፤ አባ ቄራ ይሉት ነበር። ጓሳው በሐምሌ አቦ ይዘጋ ነበር፤ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ከብት አይነዳበትም፣ ማንም ሣር አያጭድበትም። ይህን ሁሉ ያዘዘው ሰው ትከሻው ላይ ኮከብ አልነበረውም፤ በርኖሱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ በቃ። የመረጡት ሰዎች ስሙን፣ አባቱንና ስንት በግ እንዳለው ሳይቀር ያውቁ ነበር፤ ቢያጠፋ ፊት ለፊት ይነግሩታል። እንዲህ ያለ ሥርዓት አልባነት እንዴት ያን ሁሉ ዘመን ቆየ? ደግነቱ በ1967 መለዮ ለባሾቹ የመሬት አዋጅ አወጁና የአባ ቄራ ነገር አከተመ። ከዚያ በኋላ ጓሳው ምን እንደደረሰበት ሣሩን የሚያውቅ ይጠየቅ።

አርበኞቹም ከዚህ አይሻሉም። ራስ አበበ አረጋይና ተከታዮቻቸው ጎፈሬያቸውን አንጨፍርረው በመንዝና በአካባቢው ገደሎች አምስት ዓመት ተዋጉ፤ ልብሱ ተተኩሶ፣ ቁልፉ በርቶ የሚታየው ጣሊያኑ ነበር።

ስለዚህ ደንብ ይውጣ እላለሁ። ተመራጭ ሁሉ ባገኘው ድምፅ ልክ ማዕረግ ይሰጠው፤ ለጥቂት ያለፈ ሻምበል፣ ጠቅልሎ የወሰደ ማርሻል። (በ2007 ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ይዘዋል፤ ደንቡ ያኔ ቢኖር ምክር ቤቱ ትልልቅ ጦርነት ሁሉ ካፈራቸው የበለጠ ማርሻል ይኖረው ነበር።) ጥቅሙ ብዙ ነው። ዛሬ የመሐል ሜዳ ገበሬ የመረጠውን ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ «አንተ፣ ማዳበሪያውን የት አደረሳችሁት?» ሊል ይችላል። ሰውየው ሬንጀር ለብሶ ቢያገኘው ግን ቆቡን አውልቆ «ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ» ብሎ ያልፋል። ማዳበሪያው ያው አልመጣም፤ ጥያቄው ግን ቀርቷል፤ አስተዳደር ማለት ሌላ ምንድን ነው? የመረጠ ሰው ይጠይቃል፣ የታዘዘ ሰው «አቤት» ይላል፤ ሁለተኛው ስብሰባ ያሳጥራል።

አንድ ችግር አለ፤ ብርድ። ሬንጀር ስስ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የመንዝ ጫፍ ላይ የቀበሌው ሻምበል መንቀጥቀጡ አይቀርም። በርኖስ ቢደርብበት ደግሞ ማዕረጉ ይሸፈንና ከአባ ቄራ ጋር ይመሳሰላል፤ ይህ ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም። ኮከቦቹ በርኖሱ ላይ ይሰፉ። ግሼ ራቤልና ዓለም ከተማ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከወዲሁ ጨረታ ይግቡ፤ ወጪው ከመራጩ በነፍስ ወከፍ ይሰብሰብ፤ ደረሰኝ የሚጠይቅ ካለም፣ መጀመሪያ ተረከዙን ገጥሞ ሰላምታ ይስጥ።