ማኩረፍ እንደ ሙያ

ምርጫ ተሸንፎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ስታዩ እዘኑለት፤ ያልገባው ነገር አለ። የገባው ወዳጄ ነው። በ2005 ዓ.ም ለወረዳ ምክር ቤት ተወዳድሮ ከወደቀ ጀምሮ ማኩረፍን እንደ ሙያ ይዞታል። ሰሞኑን ከጋምቤላ ከተማ ወደ አቦቦ ወርደን አልዌሮ ግድብ ዳር ዓሣ ስንበላ ሙያውን በነጻ አስተማረኝ።

ሀሁው «ድሮም አውቄው ነበር» ማለት ነው። ካወቅኸው ለምን ተወዳደርህ የሚል ካለ፣ እሱ ገና ጀማሪ ነው። ቀጥሎ ቁጥር መያዝ ነው። ኢሕአዴግና አጋሮቹ በዚያ ዓመት ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር አምስት ብቻ ሲቀራቸው ሌላውን ጠቅልለው መውሰዳቸውን ወዳጄ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወርደዋል። ቁጥሩ ያሳፍራል፤ ይህን ማን ይክዳል? 33 ፓርቲዎች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው ሳይወዳደሩ መቅረታቸውንም አልነቅፍም። የወዳጄ ጥበብ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ አምስቱ ወንበሮች አንድ ቀን ተንፍሶ አያውቅም። እነማን ናቸው? ማን ደጅ ለደጅ ዞረላቸው? ቢጠይቅማ ኩርፊያው ይበላሽበታል!

አሸናፊውስ? እንደ ወዳጄ ያለ ተቃዋሚ ይብዛለት እንጂ ምን ይላል። አበል ሳይቆረጥለት፣ ቲሸርት ሳይሰጠው፣ «ብትመርጡም ባትመርጡም ያው ነው» እያለ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ይቀሰቅስለታል። እንዲህ ያለ ካድሬ በደመወዝም አይገኝ።

በ2010 ዓ.ም ይካሄዳል የተባለው የአካባቢ ምርጫ ሲራዘም ፊቱ እንዴት እንደፈካ ባያችሁ። ሳይመዘገብ፣ ሳይቀሰቅስ፣ ጫማው አቧራ ሳይነካው ተሸነፈ። የቀበሌ ምክር ቤት እኮ እስከ 300 ሰው የሚቀመጥበት ነው። ከዚህ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ሳይበላሽ ከተማ የሚገባበት በረዶና መንገድ ቢነሣም የሚነሣው እዚያ ነው። ወዳጄ ግን በረዶን በመሰለ ተራ ጉዳይ ኩርፊያውን አያረክስም።

«ይኸው ምስክሬ» አለኝ፣ በአጥንት ወደ ግድቡ እየጠቆመ። በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እገዛ ሲሠራ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ የጥጥ እርሻ ያጠጣል ተብሎለት ነበር። ግድቡ ቆመ፤ ቦዩ ቀረ። ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ 10 ሺህ ሄክታር ለሩዝ ተረክቦ ቦይ ማስቆፈር እስኪጀምር ድረስ ውሃው ለዓመታት ተኝቶ ቆየ። «እዚህ አገር ውሃ እንኳ ተስፋ ቆርጧል» ሲል ደመደመ። ተስፋ የቆረጠው ውሃ ያሳደገው አምባዛ ሳህኑ ላይ ነበር። ከጀርባው ሥጋውን እየፈለቀቀ ነው ውሃውን የሚያማው።

ፊት ለፊታችን አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ወርዶ መረቡን ሣሩ ላይ ዘረጋ። መረቡ ውሃ ውስጥ አድሮ የያዘው ከመዳፍ የማይበልጡ ሁለት ቆሮሶዎችን ነው። መሀሉ ላይ ክንድ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ አንድ በአንድ ይቋጥር ጀመር። ምስኪን! ሐይቁ አዳልቶብኛል ብሎ መግለጫ አላወጣም። «ድሮም አውቄው ነበር» አላለም። ማታ መልሶ ሊጥለው ነው።

ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። «ንቃት የለውም» አለ በሐዘኔታ።

«እንሂድ?» አልኩት።

«ምን ቀረን ብለህ ነው? ዓሣውም እንደ ድሮው አይደለም፤ አልቆለታል» አለና አጨብጭቦ ሁለተኛ አምባዛ አዘዘ።