ከአስኮ ስድስት ኪሎ ይርቃል ላላችሁኝ ተማሪዎቼ

«ሥዕሉን በስልኬ አይቼዋለሁ» ነው ያልከኝ? የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ያንተ ስልክ ስንት ነው? መስታወት ደግሞ ብርሃን ሲያልፍበት ነው ሥዕል የሚሆነው፤ የጠዋት ቀዩ የማታው ቀይ አይደለም። አንተ ግን አንድ ፎቶ አይተህ ስለ ቀለም አጠቃቀሙ ሦስት ገጽ ጻፍክ።

«ከአስኮ ስድስት ኪሎ ሩቅ ነው።» ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ አገር አቋርጦ መጥቶ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ሲያጠና ኖረ፤ አንቺ ዊንጌትን ማለፍ ከበደሽ? እስከ ፒያሳ አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ። የገብረ ክርስቶስ ደስታ የሥዕል ማዕከልም፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም እዚያው ስድስት ኪሎ ናቸው።

«መግቢያዬ ‹ከጥንት ጀምሮ› ብሎ ይነሣል።» ጥንት መቼ ነው? የአባ ገሪማ ወንጌል ብራና በካርቦን ተለክቶ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ብለህ ጀምር።

«ውብ ነው፣ ስሜት ይነካል ብዬ ተንትኛለሁ።» አመሰገንሽው እንጂ አልተነተንሽውም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩሻል፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። በመጨረሻው እራት ላይ ይሁዳ ስንት ዓይን አለው? ቁጠሪ። ሁለት ሆኖ ካገኘሽው ደስ ይበልሽ፤ ሠዓሊው ልማዱን ለምን ጣሰ የሚለው ጥያቄ የጽሑፍሽ ርእስ ነው። ይህ ጥያቄ በየትኛውም መግቢያ ላይ ተጽፎ አይጠብቅሽም፤ ቆሞ ላየ ብቻ ነው የሚመጣው።

«የድሮ ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም፤ ስለዚህ ‹ያልታወቀ› አልኩ።» አብዛኞቹ አልጻፉም፣ እውነት ነው። በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ግን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን እንደሳለው ተጽፏል። አጥኚዎች ከዚያ ጽሑፍ ተነሥተው፣ የፊቱን አሣሣልና የልብሱን እጥፋት እያነጻጸሩ ሌሎች ሥራዎቹን ለዩ። «ያልታወቀ» ከማለትህ በፊት አንተስ ከምን ጋር አነጻጸርክ?

«የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አንዱ ጋ በ1950፣ ሌላው ጋ በ1957፣ ሌላው ጋ በ1958 ተከፈተ ይላል፤ ምንጮች ይጋጫሉ ብዬ ጻፍኩ።» ምንጮቹን ለምን ታጣላለህ? 1950 ዓ.ም. የገባው በመስከረም 1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ የወጣው በ1958። ከቁጥሩ ጎን የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፍ፣ ጠቡ ያበቃል።

«ኮፒ ፔስት አይደለም፣ ተርጉሜ ነው።» ያልጠቀስሽው ሰው በአማርኛም ተዘርፏል።

«ማስረከቢያው ዓርብ ነው፤ በምን ልጀምር?» ደብተርህን ይዘህ አንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቁም። በእንጨት ነው በሸራ፣ ማን መሐል ቆመ፣ ማን ጥግ ተገፋ፣ ያየኸውን ሁሉ ጻፍ። ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል።

«ለአንድ ሥዕል ግማሽ ሰዓት?» ሠዓሊውስ በግማሽ ሰዓት የጨረሰው መስሎሃል?